የተሰረቀ ስልክ ከቢሮ ዋይፋይ እንዴት ላስወጣ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። በትንሽ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብዬ ኔትወርኩም እኔ ላይ ተለጠፈ።

ማክሰኞ አንዷ ባልደረባችን መገናኛ ታክሲ ስትሳፈር አንድሮይድ ስልኳን ሰረቋት። ሲሟን አዘግታለች፣ የኢሜይሏንም ፓስወርድ ቀይራለች። የቢሮው ዋይፋይ ፓስወርድ ግን ስልኩ ውስጥ አለ። የስክሪን ቁልፍም አልነበረውም (አትቆጡ፣ እኔም ተናግሬያታለሁ)።

ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻ (ራውተሩ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር) ልዘጋው አሰብኩ። ግን የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ለካ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የዘፈቀደ አድራሻ ይፈጥራሉ። ደግሞስ ብዘጋው ምን ዋጋ አለው? ሌባው ፓስወርዱን በኪውአር ኮድ አውጥቶ በሌላ ስልክ ይገባል።

ፓስወርዱን እንዳልቀይር ፕሪንተሩ፣ ካሜራዎቹና የ30 ሰው ስልክ ሁሉ እንደገና መግባት አለባቸው። ነገ ሌላ ሰው ቢሰረቅስ?

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ የሚሰጥ ራዲየስ የሚባል ነገር አለ ይላሉ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፍሪራዲየስ (ነፃ የራዲየስ ሶፍትዌር) የሞከረ አለ? ወይስ ለግል ስልኮች ለብቻው የእንግዳ ዋይፋይ ልክፈት? እስከዚያ ፓስወርዱን ዛሬውኑ ልቀይር ወይ?