የአልበሙ የጋራ ዕቅድ፣ ሁለተኛው ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በተባለው መሠረት ረቂቁን አሻሽዬ አቅርቤአለሁ። ለድጋፍ ሰጪዎች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ በሐይቁ ዳር ሕዝብ ፊት ስንጫወት የተቀዳውን ሥራ አጥርቶና አመጣጥኖ በአልበም ለማውጣት የሚያስፈልገው የስቱዲዮ ወጪ እንዲሸፈንልን ነው። ለሽፋኑ በጣና ላይ የምትሄድ ታንኳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበትና እንላከው።

የድምፅ ባለሙያ፦
ረቂቁ ረጅሙ ሥራ ለሸክላ እንዲመች «ለሁለት ይከፈላል» የሚለውን አልቀበልም። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ተጀምሮ በትዝታ ቅኝት የሚያልቀው ያ ሥራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የሸክላ አንድ ገጽ ደግሞ ድምፁ ሳይደክም የሚይዘው ከሃያ ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ፣ የምንቆርጠው ልክ መሻገሪያው ላይ ይሆናል። ኪቦርዱ በአንድ ላይ የሚመታቸው ድምፆች (አኮርዱ) ከአንቺ ሆዬ ጋር አልገጥም ሲሉት እጁን አንሥቶ፣ ባሱ ብቻውን መሰንቆውን እየተከተለ ወደ ትዝታ የገባበት ቦታ ከወጣ የሚተርፈን ተራ የሠርግ ጨዋታ ነው። በሲዲና በኢንተርኔት ይውጣ። በተጨማሪም የመሰንቆው ማይክ ድራሙን አብሮ ስለቀዳ መሰንቆውን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ጸናጽሉ ይከተለኛል፤ ይህን ማጥራት ጊዜ ይጠይቃልና የስቱዲዮው በጀት አይነካ።

ሳክስፎን ተጫዋች፦
በሙዚቃው ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ታንኳዋን ግን አልቀበልም። በዚህ ከተማ ታንኳ ያልተሳለበት የሆቴል ግድግዳ፣ ታንኳ ያልታተመበት ከናቴራ የት አለ? አልበሙን ያየ ሁሉ ለቱሪስት የተዘጋጀ የባህል ምሽት ይመስለዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት ዓለምን ያስደነቀው ድምፁ ነው እንጂ ጋሻና ጦር አይደለም።

መሰንቆ ተጫዋች፦
ጌታቸውን ካነሣህ በደንብ አንሣው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ይወጣ የነበረ ሰው ነው፤ በመልኩም በልብሱም ያፈረ አልነበረም። ዛሬ ታንኳ አሳፈረህ፤ ነገ ደግሞ መሰንቆው ያሳፍርሃል። ከዘጌ እንጨት ተጭኖ ለዚህ ከተማ ምድጃ የደረሰው በዚያች በናቅሃት የደንገል ታንኳ ነው።

ሳክስፎን ተጫዋች፦
ጋሼ፣ እርስዎንም መሰንቆዎንም አልነካሁም። ግን እንዲህ የሚባል ከሆነ ስሜ ከዕቅዱ ይውጣ።

ድራም ተጫዋች፦
ፎቶውን አጉልታችሁ አይታችሁታል? ታንኳዋ ላይ የተቀመጠው ሰው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሷል፤ ከበስተኋላውም ሞተር ጀልባ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰደርያውን ተዉትና ፎቶው የማን እንደሆነ ንገሩኝ። ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማተም አንችልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለእኛ ለከዋኞቹ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል እያልን ድጋፍ ስንጠይቅ የሰው ፎቶ ሽፋን ላይ ለጥፈን መቅረብ አያምርም። በዚያው ላይ፣ ትዝታው መሀል «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ የሰጠው እንግዳ ማን ነው? ግጥሙ የእሱ ነው ወይስ ተቀብሎ ያዜመው የጋሼ? ይህ ካሁኑ ካልተጻፈ ኋላ ክስ ያመጣል።

መሰንቆ ተጫዋች፦
ተቀበል ያለ ሁሉ ባለቤት ከሆነ አዝማሪ እስከ ዛሬ ዕዳ ብቻ ነው ያለበት ማለት ነው። ወደ ታንኳዋ እንመለስ።

ክራር ተጫዋች፦
ሽፋኑን እኔ እሠራለሁ ብሎ ታንኳዋን ያመጣው ኪቦርድ ተጫዋቻችን የት ገባ? ረቂቁ ከወጣ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መግለጫ ጽሑፉንም እሱው ነበር የወሰደው።

ጸሐፊ፦
ስልኩን አያነሣም። መፍትሔ ያልሁትን ልጻፍ። ጀልባ ተከራይተን ወደ ዘጌ እንሂድና የራሳችንን ፎቶ እናንሣ። ታንኳዋም ብትሆን የራሳችን ትሆናለች፤ የማንም ፈቃድ አንጠይቅም።

ሳክስፎን ተጫዋች፦
ሰው ያለበት፣ መሣሪያዎቻችን የሚታዩበት ፎቶ ከሆነ ታንኳዋ ጥግ ላይ ብትታይ አልቃወምም። ጋሼ፣ የትናንቱ ንግግሬ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መሰንቆ ተጫዋች፦
እኔም ቶሎ ነድጃለሁ። ጥግ የተባለው ግን የት ጋ እንደሆነ ሳላይ አልፈርምም።

ክራር ተጫዋች፦
ዘጌ ድረስ መሣሪያ ጭነን ከሄድን ፎቶ ብቻ አንሥተን መመለስ ኪሳራ ነው። ቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠን አዲስ ነገር ብንጫወትና ቢቀዳስ? ድጋፍ ሰጪዎችም «የቆየ ቅጂ ማጽዳት» ከሚል ይልቅ «በጣና ዳርቻ የሙዚቃ ጉዞ» የሚለውን ይወዱታል።

ድራም ተጫዋች፦
እደግፋለሁ። ድራሙን ትቼ ከበሮ እይዛለሁ፤ የድምፅ ባለሙያችንም ከጸናጽሉ ይገላገላል።

የድምፅ ባለሙያ፦
ከጸናጽሉ ብገላገል የሐይቁ ነፋስ ይጠብቀኛል። ማይኮቻችን የነፋስ መከላከያ የላቸውም፤ ለመቅጃውም ኤሌክትሪክ ወይም በቂ ባትሪ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን የተቀዳ ሥራ በእጃችን አለ። ያ ምሽት በትእዛዝ የሚደገም ይመስል ሌላ ቅጂ የምንፈልገው ለምንድን ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
የጀልባው ባለቤት ቀብድ እስከ ሐሙስ ይፈልጋል። ከማኅበሩ ገንዘብ ላውጣ ከተባለ በሁለት ሰው ፊርማ ነው፤ አንደኛው ፈራሚ ኪቦርድ ተጫዋቹ መሆኑን አትርሱ።

ጸሐፊ፦
ሦስተኛውን ረቂቅ ለጥፌአለሁ። ርእሱ «የጣና ዳርቻ የሙዚቃ ጉዞ» ሆኗል፤ ወጪዎቹም የጀልባ ኪራይ፣ ምሳ፣ ፎቶግራፍና የነፋስ መከላከያ ናቸው።

የድምፅ ባለሙያ፦
ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የስቱዲዮው ወጪ የት ሄደ?

ጸሐፊ፦
ወደ አባሪው ተዛውሯል። አባሪውን በፈቃደኝነት የሚጽፍ ሰው እፈልጋለሁ።