በሠራዊቱ ላይ ያለ እምነት ከራዲዮ ነው ወይስ ከቡና ላይ ጨዋታ የሚመነጨው?

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ፣ መገናኛ ብዙኃንና የሰው ለሰው ጨዋታ ሕዝቡ በመከላከያ ሠራዊት ላይ ያለውን አመኔታ እንዴት እንደሚቀርጹት እያጠናሁ ነው። መጠይቁን ስሞክር «በሠራዊቱ ምን ያህል ይተማመናሉ?» ያልኋቸው አንዲት እናት፣ «የትኛውን? የወንድሜን ልጅ ነው ወይስ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን?» አሉኝ። ይህ በአንድ ጥያቄ ይለካል?

መልስ (ከደሴ)፦ እኒያ እናት ከመጠይቅዎ የተሻለ ጠይቀዋል፤ ለሚያውቁት ወታደር ያለው አመኔታና ለተቋሙ ያለው ለየብቻ ይጠየቅ። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካዋ ኦሃዮ የምርጫ ዘመቻ ሲከታተሉ፣ የራዲዮና የጋዜጣ ሐሳብ ወደ ብዙ ሰው የሚደርሰው ነገሩን በሚከታተሉና በሚታመኑ ሰዎች በኩል መሆኑን አስተውለው ነበር። እኛም አይተነዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ በሕወሓት ኃይሎች ከመያዛቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ ራዲዮው የሚለውን የምንቀበለው ወይም የምንጥለው ከወልድያ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው ከነገረን ጋር እያስተያየን ነበር።

መልስ (ከወልድያ)፦ ጨዋታውን ከመጠን በላይ አናግዝፈው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ በወረዱበት ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን አሳየ። ረሃቡን በዓይናቸው ላዩት አያቶቼ ፊልሙ ምንም አይጨምርላቸውም ነበር፤ የተፈለገው ላላየው ለአዲስ አበባ ሰው ነው። ስለዚህ ወታደር ቀበሌያቸው ገብቶ ያውቅ እንደሆነና ምን እንዳዩ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመገናኛ ብዙኃን ጉልበት የሚታየው ይህ ከተለየ በኋላ ነው። ደግሞም ሠራዊቱን የሚያምን ሰው የሚያወድሰውን ጣቢያ መርጦ ይከፍታልና፣ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ በአንድ ጊዜ መጠይቅ አይታወቅም፤ ቢቻል እነዚያኑ ሰዎች ከወራት በኋላ ደግመው ያነጋግሩ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ሌላም ችግር አለብኝ፤ አንድ ቤት ቡናው ገና አቦል ላይ ሳለ ስለ ሠራዊቱ ሞቅ ያለ ክርክር ተነሥቶ ነበር፣ የማላውቀው ጎረቤት ሲገባ ግን ባለቤቲቱ ራዲዮኑን ቀነስ አድርገው ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ አዞሩት።

መልስ (ከደሴ)፦ እሱንም ይመዝግቡት። በእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ቤት ውስጥ ማን እንደነበረና ወሬው መቼ እንደተለወጠ ይጻፉ፤ የቀበሌ ሰው አስከትለው ደግሞ ፈጽሞ አይግቡ።