ትንሿ ሻርክ ጨለማ ውስጥ ሆዷን ለምን ታበራለች?

ቲቸር ከሳቢያን
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትናንት ስለ ዓሣ እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከማስመሪያ የማትበልጥ ሻርክ አለች፤ ሆዷ ያበራል። ጨለማ ውስጥ ካበራች ጠላት አያያትም?» ፈልጌ አገኘኋት፤ ድንክ ፋኖስ ሻርክ ልንላት እንችላለን። ርዝመቷ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መልሱን ግን እኔው ሳይገባኝ ለልጆቹ መንገር አልፈልግም። የምታውቁ አስረዱኝ።

ባዮሎጂ ከሐረር
ቲቸር፣ ልጅቷን አመስግኚልኝ። የምታበራው ለመደበቅ ነው።

አመሻሽ ላይ ከዚራ ዛፎቹ ስር ቁሚና ቀና በይ። ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ወፍ ቀለሟ ምንም ይሁን ጥቁር ሆና ነው የምትታይሽ፤ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ገና ብርሃን አለውና። ባሕር ውስጥም እንደዚያው ነው። 300 ሜትር ላይ ቀን ቀን ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ይደርሳል። ከስር ቀና ብሎ ለሚያይ አዳኝ ሻርኳ ጥቁር ጥላ ናት። ሆዷ ላይ ያሉት ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ከላይ ከሚወርደው ብርሃን ጋር ሲመጣጠኑ ጥላዋ ይጠፋል።

ጥልቀቱን ለልጆቹ በመንገዳችን አሳያቸው ብትይኝ፣ ከድሬ ሐረር ስንወጣ 700 ሜትር ገደማ ከፍ እንላለን። እሷ የተገኘችው ከ283 እስከ 439 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ የዚያ ግማሽ በይው። ቦታው ካሪቢያን ባሕር፣ ኮሎምቢያና ቬንዙዌላ ዳርቻ ነው፤ የባሕሩ ወለል በዚሁ መንገዳችን ላይ እንዳለው እንደ ደንገጎ ዳገት ቁልቁል የሚወርድበት። ሳይንስ ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል።

አንድ ልጨምር። ሻርክ እንደ ሌላው ዓሣ የአየር ከረጢት የለውም። እንዳይሰምጥ የሚረዳው በዘይት የተሞላው ትልቅ ጉበቱና ከአጥንት የሚቀልለው ልም አጥንቱ ነው። የዚህች ሻርክ እንቁላል ደግሞ እናቱ ሆድ ውስጥ ይፈለፈልና ግልገሎቹ በሕይወት ይወለዳሉ። እናትየው ራሷ መዳፍና ጣት ታህል!

የጅቡቲ መስመር ሾፌር
አቦ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ነው! እኔ የማውቀው ተቃራኒውን ነው። በብርዱ ወራት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ይመጣል፤ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ። ጀልባችን አጠገብ ሲያልፍ ጀርባው ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አይቻለሁ። ማንንም አይነካም፣ ደቃቅ ነገር አጣርቶ ነው የሚበላው። የመዳፍ ልክ የሆነች ዘመድ አለችው ብትሉኝ አላምንም ነበር።

ቲቸር ከሳቢያን
ዛሬ ሞከርነው። መጋረጃውን ጋረድንና ከነጭ ካርቶን የተቆረጠ ሻርክ ፊት ለፊቱ በክር ሰቀልን። ጥቁር ሆነ። ከዚያ በእኛ በኩል የስልክ መብራት አበራንበት፤ ስልኩን ቀረብ ራቅ ስናደርግ አንድ ቦታ ላይ ጠርዙ ከመጋረጃው ጋር ተቀላቀለ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ያቺው ልጅ ግን አሁንም አልለቀቀችኝም። «ከላይ የሚመጣው ብርሃን ሲቀንስና ሲጨምርስ?»

ባዮሎጂ ከሐረር
ወይ ጎበዝ! በአውሮፓ ባሕሮች የምትኖር አንዲት ዘመዷ ላይ ይህን አጥንተዋል። ብርሃኑን የሚያዘው ሆርሞን ነው፤ ከነዚያም አንዱ ሜላቶኒን፣ እኛን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ነው። ሆርሞን ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሻርኳ ብርሃኗን ቶሎ ቶሎ ከመቀየር ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች እየዋኘች ለሆዷ የሚስማማ ብርሃን ያለበትን ጥልቀት ትከተላለች ብለው ያስባሉ። እናንተ ስልኩን ቀረብ ራቅ እንዳደረጋችሁት ማለት ነው።