የምሩቃን ዝርዝር አለን፣ ምሩቃኑ ግን የሉም፦ የማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ ኮሌጅ ከየት ይጀምር?

ተጠሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በክልል ከተማ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ ኮሌጅ የምሩቃን ጉዳይ ተጠሪ ነኝ። ሥራው በማስተማሩ ላይ የተደረበ ነው፤ በጀትም ረዳትም የለውም። ከሬጅስትራር የወሰድነው ኤክሴል ብዙ ሺህ ስም ይዟል፦ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሶሲዮሎጂ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጋዜጠኝነት። ስልክ የተመዘገበላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያም ብዙው አይጠራም። የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ የበዓል ምኞትና የክሪፕቶ ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚለጠፍበት። ዲናችን ማኅበር አቋቁመን መዋጮ እንጀምር ይላሉ። ከየት ልነሳ? ውጭ አገር ያሉትንስ እንዴት ላግኛቸው?

የመዝገብ ሰው፦
ከዝርዝሩ ይነሱ። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ኮፒ ያድርጉ፤ መለያው ስም ሳይሆን የተማሪው አይዲ ቁጥር ይሁን። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሦስት ዓምድ ይከፈል። ከዚያ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ ይጨምሩና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ይቀይሩ፤ ያለዚያ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ሰው ሆነው ይቀመጣሉ። ዲግሪው ላይ ያለውን አጻጻፍ ግን እንዳለ ይተዉት።

ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። «2005» ብቻ ከተጻፈ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አይታወቅም፤ ሁለት ዓምድ ያድርጉት። ሐምሌ የተመረቀ 8 ይደመርለታል፣ ሐምሌ 2005 ማለት ጁላይ 2013 ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር የተመረቀ ግን 7 ብቻ። የስልክ ዓምድ ፎርማቱ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይሁን፤ ኤክሴል የፊቷን ዜሮ ይበላታል። ሁሉንም በ251 ጀምረው 9 አኃዝ ያስከትሉ።

አዲስ ስልክ የሚገኘው ሰው በእግሩ ሲመጣ ነው። ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ ክሊራንስ (ከዩኒቨርሲቲው ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ቅጽ) ሲያስፈርም፣ ቀጥሎም የወጪ መጋራቱን ጨርሶ ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊወስድ። በሁለቱም ቦታ መስኮቱ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፉ። ከስም፣ ከአይዲና ከዲፓርትመንት ሌላ ፎርሙ ከ5 ጥያቄ አይለፍ፦ ስልክ፣ የቴሌግራም ዩዘርኔም፣ የግል ኢሜይል፣ ከተማ፣ የሥራ መስክ። ዩዘርኔሙን አይዝለሉት፤ ሲም ቢቀየርም አካውንቱ እስካልተቀየረ ድረስ አብሮ ይቆያል። ከታች ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ኤክሴሉን ግሩፕ ላይ «ስማችሁን አርሙ» ብሎ መለጠፍማ ፈጽሞ አይሞከርም።

የባች ተወካይ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ንጹሕ ኤክሴል ብቻውን ሰው አይጠራም። የእኛ አገር ምሩቅ «የኮሌጁ ልጅ ነኝ» አይልም፤ «የ2003 ሶሲዮሎጂ ባች» ነው የሚለው። የኮሌጅና የዲፓርትመንት ስም ደግሞ ይቀያየራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1943 ሲከፈት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር፣ ከ1954 እስከ 1967 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ምሩቁ ዲግሪው ላይ ያለውን የዲፓርትመንት ስም ይምረጥ፤ ዛሬ ባለው ስም ብቻ ከጠየቃችሁት የእኔ አይደለም ብሎ ይዘጋዋል።

ለየዲፓርትመንቱና ለየዓመቱ ሁለት ሰው ፈልጉ፣ ቢቻል አንድ ወንድ አንድ ሴት። የቀድሞ የክፍል ተወካዮች የሁሉንም ወሬ ያውቃሉ። «የጓደኞቻችሁን አድራሻ ላኩልን» ካላችኋቸው መልስ አታገኙም። የ40 ሰው ስም ደርድራችሁ ጎኑን ባዶ አድርጋችሁ ላኩላቸውና ፎርሙን ለየጓደኛው እንዲያደርሱ፣ የሞላውን ምልክት እንዲያደርጉበት ጠይቁ። ክፍት ቦታ ያያት ሰው እስኪሞላት ዕረፍት የለውም። በሦስት ባች ሞክሩ፣ ከዚያ አስፉ።

ቴሌግራሙን በተመለከተ፣ ለኮሌጁ ቻናል እንጂ ግሩፕ አይሆንም። በወር ቢበዛ ሁለት ጽሑፍ። የባች ግሩፖቹን ለራሳቸው ተዉላቸው፤ መምህር ከገባ ጨዋታው ይቆማል። ቴሌግራም ለማይጠቀሙ ኤስኤምኤስ ከላካችሁ፣ በአማርኛ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል።

ሰነድ አገላባጭ፦
መምህር፣ በገንዘብ አይጀምሩ። ማኅበር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለማስመዝገብ 5 መሥራች አባላት ይበቃሉ፤ አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ዓመታዊ ሪፖርትና ኦዲት ነው። ያንን የሚሠራ ሰው ሳይኖር የተመዘገበ ማኅበር ማኅተም ብቻ ይዞ ይቀራል። መዋጮ በግለሰብ አካውንት መሰብሰብ ደግሞ እምነቱን በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። መጽሐፍ ወይም ኮምፒውተር የሚሰጥ ከመጣ በንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥና ኮፒው ለሰጪው ይላክ፤ ይኼ ወረቀት ከምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል።

የእናንተ ኮሌጅ ሌሎቹ የሌላቸው ሀብት አለው፦ የመመረቂያ ጽሑፎች። የታሪክ፣ የሶሲዮሎጂ፣ የአማርኛ ተማሪዎች ስለ ወረዳቸው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሠርግ ዘፈኑ ሽማግሌ ጠይቀው ጽፈዋል፤ ከመረጃ ሰጪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እነዚያ ጥራዞች ዲፓርትመንት ቁም ሣጥን ውስጥ ሙጫቸው ለቆ ተቆልለዋል። በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፤ የፋይል ስም በአይዲ፣ በዓመትና በዲፓርትመንት ይሁን። ከዚያ ለባለቤቱ የሽፋኑን ገጽ በቴሌግራም ላኩና «ሙሉውን ይፈልጋሉ? ለተማሪዎች ክፍት እናድርገው?» በሉት። ለዚህ የማይመልስ ምሩቅ ይኖራል ብዬ አላምንም። የአማካሪውን አስተያየት የያዘ ገጽ ካለ ግን አውጡት፤ አንዳንዱ ሃያ ዓመት ቆይቶም ያማል።

ቀጥሎ ጊዜ ጠይቁ። ወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ያለው ምሩቅ ለተግባር ልምምድ ሁለት ተማሪ ይቀበላል፤ ሬዲዮ ጣቢያ ያለው የ40 ደቂቃ ገለጻ ያደርጋል። ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስና የምሩቃን ክትትል ጥናት ሲሠራ የእነሱ አስተያየት መፈለጉ አይቀርም፤ ያኔ መፈለግ ከመጀመር አሁኑኑ ያዟቸው። የግብዣ ደብዳቤ ከ15 ቀን በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይድረስ። በዋዜማው የደረሰ ደብዳቤ ምሩቁን ፈቃድ ለማኝ ያደርገዋል።

ከባሕር ማዶ፦
ውጭ ያለው ምሩቅ ከኮሌጁ መጀመሪያ የሚፈልገው ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ክፍያው ስንት ነው፣ ውክልና በኤምባሲ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፣ በስንት ቀን ይላካል የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቻናሉ ላይ ብትሰኩት ያለ ጥሪ ይመጣሉ። ስብሰባ ከሆነ ቅዳሜ በእኛ 11 ሰዓት ይመቻል፤ ሪያድም 11 ነው፣ ዱባይ 12፣ ዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 3። ግብዣው ላይ የፈረንጁን ሰዓት ጨምራችሁ ጻፉ፤ «11 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ግማሹ ሰው 6 ሰዓት ተሳስቶ ይመጣል። እሑድ ጠዋት አይታሰብ፣ ቅዳሴ አለ።

ተጠሪ፦
ጥሩ ነው፣ በመመረቂያ ጽሑፎቹ እጀምራለሁ። የድሮውን ግሩፕ ልዝጋው?

የባች ተወካይ፦
አይዝጉት፤ ውስጡ የማታውቋቸው ስልኮች አሉ። ከአድሚን በስተቀር ማንም እንዳይጽፍ ይቆልፉትና የቻናሉን ሊንክና የፎርሙን ኪውአር ከላይ ይሰኩ። ክሪፕቶ የሚለጥፉትን ከማስወጣትዎ በፊት ግን ስማቸውን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ፤ አካውንቱ የተጠለፈበት እውነተኛ ምሩቅ ሊኖርበት ይችላል።