ኢፖክሲው ከሁለት ቀን በኋላም ይጣበቃል! ቅዳሜ ንጋት ላይ ጀልባ አለኝ

ጀማሪ ጠምጣሚ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20)
ወገኖች ድረሱልኝ። የመጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ነው የሠራሁት። ለባሕር ነው፣ ብላንኩ (ባዶው ዘንግ) ሰባት ጫማ፣ መካከለኛ ጥንካሬ፣ እስፒኒንግ ሪል (ከዘንጉ ስር የሚንጠለጠለው የገመድ መጠምጠሚያ) የሚገባበት። ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ዘንጉ ላይ በክር ጠምጥሜ ጨረስኩ፣ ሲያምር ብታዩት። ማክሰኞ ማታ ክሩን የሚሸፍነውን ኢፖክሲ (ሬዚንና ማጠንከሪያ የሚባሉትን ሁለት ፈሳሾች ቀላቅዬ) ቀባሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እስካሁን አልደረቀም! ጣቴን ሳሳርፍ አሻራዬ ይቀራል። አንዳንዱ ቀለበት ላይ ደግሞ ጠንክሯል፣ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ጀልባ እወጣለሁ፣ ሌላ ዘንግ የለኝም፣ የድሮውን “አዲስ እየሠራሁ ነው” ብዬ ለሰው ሰጠሁት። ማጠንከሪያውን ብቻውን በላዩ ልቀባው እያሰብኩ ነው። ይሆናል? ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ።

ፀሐዩ
ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። ይደርቃል።

ባዶ ቅርጫት
ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትኛዋ ፀሐይ? ለማንኛውም ጀማሪ፣ አትዘን። ይህን ያህል ከተጣበቀማ መንጠቆም አያስፈልግህም፣ ዓሣው መጥቶ ይለጠፍበታል።

አዙሪት
ማጠንከሪያውን ብቻውን እንዳትቀባ! የባሰ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ፦ ስንት ለስንት ቀላቀልክ? በምን ለካህ? ምን ያህል አማሰልከው? ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው?

ጋሽ መልህቅ
ልጄ፣ ኢፖክሲው የመጨረሻው ነገር ነው። ከዚያ በፊት የብላንኩን አከርካሪ አግኝተሃል ወይ? ዘመናዊው ልጅ ክር ለመጠምጠም ይቸኩላል። ካርቦኑ ተጠቅልሎ ስለሚሠራ በአንዱ ጎን ይበልጥ ይጠነክራል። ወፍራሙን ጫፍ ወለል ላይ ታስደግፋለህ፣ ቀጭኑን በአንድ መዳፍህ ትይዛለህ፣ በሌላው እጅህ መሃሉን ጫን እያልክ ታንከባልለዋለህ። አንድ ቦታ ላይ ዘለል ብሎ ይቀመጣል። እሱ ነው አከርካሪው።

ሁለተኛ፣ ቀለበቶቹ። ለጨው ውሃ ክፈፋቸው 316 የሚባለው አይዝጌ ብረት ወይም ታይታኒየም መሆን አለበት። የውስጡ ቀለበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ቢሆን ይበቃል፣ ሲሊከን ካርባይድ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱንም ይችላል፣ የተጎነጎነውንም ገመድ ይችላል። ርካሹን ክሮም ቅብ ከገዛህ ገመዱ ቦይ ይቆፍርበታል፣ ከዚያ ያ ቦይ ገመዱን ራሱን ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ የቀለበቱን እግር፣ ብላንኩ ላይ የሚያርፈውን ማለቴ ነው፣ ሞርደሃል ወይ? ክሩ ከብላንኩ ላይ ወደ እግሩ ያለ ደረጃ እንዲወጣ ጫፉን እናሾላለን። ግን ከሞረድ በኋላ ሳይለሰልስ የተተወ አይዝጌ ብረት ጨው ሲነካው ይዝጋል። ዝገቱ በክሩ ስር ተደብቆ ይሄድና ከአንድ ወቅት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

አራተኛ፣ የሪሉ መቀመጫ ስር የወረቀት ፕላስተር ጠምጥመሃል እንዳትለኝ።

ባዶ ቅርጫት
ጋሼ፣ ልጁ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ እርስዎ ስለ መሠረቱ ይጠይቁታል።

ክር አባት
ጋሽ መልህቅ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ አከርካሪው ላይ ግን አልስማማም። እስፒኒንግ ላይ ቀለበቶቹ ከስር ነው የሚንጠለጠሉት፣ ገመዱም ወደ ታች ይስባል፣ ዘንጉ ምን ብሎ ይጠማዘዛል? ቀለበት ከላይ የሚቀመጥበት የካስቲንግ ዘንግ ነው የሚዞረው፣ እሱም ቢሆን አከርካሪ ስላገኘህ አይድንም። እኔ ብላንኩ ቀጥ የሚልበትን ጎን ፈልጌ እጠመጥማለሁ፣ በቃ።

ጀማሪ፣ አንተ ግን ከኢፖክሲው በፊት የክሩን ቀለም የሚጠብቀውን ፈሳሽ ቀብተህ ነበር? እሱ ሳይደርቅ ከተደረበበት ላዩ እንዲህ ይቀልጣል።

ጋሽ መልህቅ
አርባ ዓመት አጥምጃለሁ።

ክር አባት
ስንት ዘንግ ሠርተዋል ጋሼ?

ጀማሪ ጠምጣሚ
እናንተ ሰዎች! ስለ አከርካሪ ሌላ ቀን ተከራከሩ።

ቀለም ጠባቂ አልቀባሁም። ናይለን ክር ነው፣ ኢፖክሲው ሲነካው ሰማያዊው ጠቆረብኝ፣ ግን ወድጄዋለሁ።

አዙሪት፣ አንድ ለአንድ ነው የቀላቀልኩት። በጠርሙስ ክዳን ነው የለካሁት፣ በዓይን። አንድ ደቂቃ ያህል አማሰልኩ። ክፍሉ ደህና ነው። ያው ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያውን ትንሽ ጨመር አድርጌዋለሁ፣ ግን እሱ ችግር አይመስለኝም፣ ጭራሽ ማፍጠን ነበረበት።

ባዶ ቅርጫት
“ትንሽ ጨመር አድርጌዋለሁ” አለ። አሁን ገና ዶሴው ተከፈተ።

ሞገድ
ጥያቄህ ራሱ ስህተት ነው። ኢፖክሲ አይደርቅም። የሚደርቅ ቫርኒሽ ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ይሄዳል። ኢፖክሲ ላይ ምንም የሚተን ነገር የለም፣ ሁለቱ ፈሳሾች ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት። “መቼ ይደርቃል” ብለህ ከጠየቅክ እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለህ።

ፀሐዩ
ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ያው ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ላይ።

አዙሪት
ሞገድ ንግግሩ ቢከረክርም እውነቱን ነው። ጀማሪ፣ ስማኝ።

የጀልባ ፋይበር የሚጠገንበት ፖሊስተር ሬዚን አይተህ ይሆናል። እዚያ ላይ ጠብታዋ ሥራውን የምታስጀምር ብቻ ናት፣ ትንሽ ብትጨምር ይፈጥናል። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን አስጀማሪ አይደለም፣ የሥራው ግማሽ ነው። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አስበው። አምስት ማስገቢያ ባለው ሸሚዝ ላይ ሰባት ቁልፍ ብትሰፋ ቶሎ አይቆለፍልህም፣ ሁለቱ ቁልፎች ዝም ብለው ይንጠለጠላሉ። አንተ ላይ የሚጣበቀው የተንጠለጠለው ትርፍ ነው። እሱን ፀሐይም ሆነ ጊዜ አያጠነክረውም። አሁን ሌላ ማጠንከሪያ ብትቀባ ትርፍ ቁልፍ መጨመር ነው።

ሌላም አለ። ሁሉም ቀለበት እኩል ቢጣበቅ ልኬቱ ብቻ ነው እል ነበር። አንዱ ጠንክሮ ሌላው ከተጣበቀ ግን በደንብ አልተዋሃደም ማለት ነው። የኩባያው ጥግና ግድግዳ ላይ ያልተማሰለ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ብሩሽህ እሱን ነው የሚጠርገው።

አሁን በጥፍርህ ጫን በለው። ከጎደጎደና ጥፍርህ ላይ ምንም ካልቀረ ይድናል። እንደ ፈሳሽ ሙጫ ከተሳበ ግን ያንን ቦታ በአልኮል ጠርገህ ማንሳት አለብህ፣ ክሩ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቆርጠህ እንደገና መጠምጠም ነው።

ጀማሪ ጠምጣሚ
ይጎደጉዳል፣ ጥፍሬ ላይ ግን አይቀርም። ተመስገን! ታዲያ ምን ልቀባ?

ሞገድ
ለምን ከሱቅ አትገዛም ነበር? የፋብሪካ ዘንግ ይህ ሁሉ ጣጣ የለውም። ሰው ሁሉ የራሴን ልሥራ ይላል፣ ከዚያ ሌሊቱን ያስጨንቀናል።

ክር አባት
የፋብሪካው ዘንግ ቀለበቱ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ላንተ ሪል አይደለም። ትልቅ እስፒኒንግ ሪል ገጥመህ የመጀመሪያው ቀለበት ከቀረበ ገመዱ ሰፊ ክብ እየሠራ ሲወጣ ክፈፉን ይመታዋል፣ ውርወራህ ያጥራል። የራስህን ስትሠራ በፕላስተር አስረህ ትወረውራለህ፣ ቦታውን እስክታገኝ ታንቀሳቅሰዋለህ። ከዚያ ገመዱን በቀለበቶቹ አሳልፈህ ዘንጉን ታጎብጠዋለህ። በሁለት ቀለበቶች መካከል ገመዱ ከዘንጉ እጥፋት ርቆ ቀጥ ካለ እዚያ ቀለበት አንሷል። ይህን የሚያደርግልህ ፋብሪካ አሳየኝ።

ሞገድ
የራስ ሥራ ግን ለቅዳሜ አያደርስልህማ።

አዙሪት
ወደ ጉዳዩ። ጀማሪ፣ መድኃኒቱ በላዩ ላይ በትክክል የተቀላቀለ አዲስ ሽፋን መደረብ ነው። የሚጣበቀው ከስር ይታፈናል፣ ላዩ ይጠነክራል። ዛሬ ማታ ካደረግከው ቅዳሜ ንጋት ላይ ይያዛል።

ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል በትንሹ አርጥበህ ላዩን ጠረግ አድርግ፣ እስኪተን ጠብቅ። ሁለት ሲሪንጅ ውሰድ፣ አንዱ ለሬዚን፣ አንዱ ለማጠንከሪያ፣ ምልክት አድርግባቸውና መቼም አታቀያይራቸው። ከእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሊትር። ሥራው ያን ያህል ባይፈልግም ከዚያ አታሳንስ፣ መጠኑ ባነሰ ቁጥር የአንድ ጠብታ ስህተት ትልቅ ይሆናል። የትርፉ መጣል አይቆጭህ።

ሬዚኑ ወፍራም ከሆነ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ይቀጥናል፣ አረፋውም ይቀንሳል። ቀስ ብለህ ሦስት አራት ደቂቃ አማስል፣ አትምታው። ግድግዳውንና ጥጉን እየጠረግክ። ከዚያ አሉሚኒየም ወረቀት ላይ አፍስሰው። ኩባያ ውስጥ ከተጠራቀመ ራሱን በራሱ ያሞቅና በእጅህ ላይ ይጠነክርብሃል፣ ከተዘረጋ ግን ጊዜ ይሰጥሃል። በስሱ ቀባ። የክፍሉ ሙቀት ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው።

ለባሕር ስለሆነ አንዱን ነገር አትርሳ። የቀለበቱ እግር በግራና በቀኝ፣ ክሩ ከእግሩ ወደ ብላንኩ ሲወርድ ትንሽ ዋሻ ይተዋል። ያቺ ካልተሞላች ጨው ውሃ በእሷ ነው የሚገባው። ብሩሽህን እዚያ ላይ አቆየው፣ ኢፖክሲው ራሱ ይሳባል።

ባዶ ቅርጫት
እኔ ከዚህ ሁሉ የማውቀው ኢፖክሲው ወደ አንድ ጎን እንዳይወርድ ዘንጉን ማዞሩን ብቻ ነው። የማዞሪያ ሞተር የለኝም። ካርቶን ሁለት ቦታ ሰንጥቄ ዘንጉን አስተኛሁበት፣ እጀታው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰካሁ። መቆንጠጫው ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ። በየአምስት ደቂቃው ሩብ ዙር። መጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ግን በየደቂቃው ነው፣ አለበለዚያ ሆድ ያወጣል። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ መቆንጠጫ ሳዞር ቤተሰቤ ስለ ጤንነቴ ተመካከረ።

ክር አባት
ባዶ ቅርጫት ዛሬ ቁም ነገር ተናገረ! አረፋ ካየህ የአልኮል ፋኖስ ነበልባል ፈጠን አድርገህ ከስሩ አሳልፍ። ላይተር ጥላሸት ይተዋል። ሲሪንጁም የላስቲክ ግፊት ያለው ከሆነ አንዳንዱ ሲሊኮን ይቀባል፣ ያ ሲሊኮን ኢፖክሲው ላይ ዓይን ዓይን የመሰለ ባዶ ክብ ያወጣል። ላስቲክ የሌለውን ካገኘህ እሱን።

ፀሐዩ
ከዚያ ፀሐይ ላይ።

ክር አባት
ወንድሜ ፀሐዩ፣ ሙቀት የሚጠቅመው ልኬቱ ትክክል ሆኖ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ነው። ይሄ ልኬቱ የተበላሸ ነው። አዲሱን ሽፋን ገና ሳይዝ ጥቁር ካርቦን ላይ ፀሐይ ብታሳርፍበት ደግሞ ቀጥኖ ይንጠባጠባል።

ጋሽ መልህቅ
የሪሉ መቀመጫ ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ጀማሪ ጠምጣሚ
ጋሼ፣ የወረቀት ፕላስተር ነው የጠመጠምኩት። እግሩንም ሞርጃለሁ፣ አላለሰለስኩም። ይቅርታ።

ጋሽ መልህቅ
ይቅርታ የሚጠየቀው ዘንጉ ነው። ወረቀት ጨው ውሃ ይጠጣል፣ ሙጫው በሙሉ ካልሸፈነው መቀመጫው አንድ ቀን ይላቀቃል። ለቅዳሜ ግን አይሞትም። ስትመለስ ቀለበቶቹንም መቀመጫውንም በንጹሕ ውሃ እጠብ። ቀጣዩን ስትሠራ ጠንካራ የፎም ቀለበት አስገባበት፣ ሙጫውም የአምስት ደቂቃው ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚጠነክረው ይሁን።

ሞገድ
ሙሉ ጥንካሬ ላይ ለመድረስ ቀናት ይፈልጋል። ቅዳሜ ከወጣህ አደራህን።

አዙሪት
ልክ ነው፣ ለዚህ ነው ቀላል ማባበያ ውሰድ የምለው፣ ከ7 እስከ 21 ግራም። ዓሣ ሲይዝህ ዘንጉን ሽቅብ አታቁመው፣ ጎንህ ላይ ዝቅ አድርገህ ተዋጋ። እሱ ለሁልጊዜም ይጠቅምሃል።

ጀማሪ ጠምጣሚ (ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6:05)
ቀባሁ። 3 ለ3፣ አራት ደቂቃ በሰዓት ይዤ። ዋሻዎቹን ሞልቻለሁ። ካርቶንና መቆንጠጫ ላይ ነኝ፣ አሁን መቆንጠጫው ወደ ግራ ነው። ጠዋት እነግራችኋለሁ። አዙሪት እህቴ፣ ዓሣ ከያዝኩ ስሙን በአንቺ አወጣለሁ።

ባዶ ቅርጫት (ሰኞ)
ጀማሪ? ጠነከረ ወይስ አንተም አብረህ ተጣበቅክ?

አዙሪት (ረቡዕ)
ቢያንስ ጥፍርህን ጫን አድርገህ ንገረን እንጂ።

ጋሽ መልህቅ
አከርካሪውን ቢፈልግ ኖሮ።

ክር አባት
ጋሼ!

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ አላነበብኩም፣ ረጅም ነው። የእኔም ዘንግ ላይ ኢፖክሲው ይጣበቃል፣ ነገ ነው የምወጣው። ምን ይሻላል?

ፀሐዩ
ፀሐይ ላይ አስቀምጠው።