ፊቱ ወደ ውጭ የተገፋ የ1899 ግማሽ ዶላር፦ በምን ይታወቃል?

የሳንቲም ወዳጅ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ1899 የአሜሪካ ባርበር (በነዳፊው ስም የሚጠራ) ግማሽ ዶላር ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ፊቱ ላይ ያለው የሊበርቲ (የነፃነት ምሳሌ የሆነች ሴት) ጭንቅላት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተገፍቶ ወጥቷል፤ ጀርባው ላይ የደረት መርፌ ተበይዶበታል። ከነመርፌው 13.1 ግራም ነው። መርፌውን ሳልነቅል ከእውነተኛ ሳንቲም መሠራቱን በምን ላረጋግጥ? ጠቁሯልና ላጽዳው?

ብርና ነሐስ
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጀርባውን እይ። ሳንቲሙ በሁለት የብረት ቅርጾች መሀል ገብቶ ከኋላ ስለሚገፋ፣ ፊቱ ባበጠበት ልክ ጀርባው መጎድጎድ አለበት። ጀርባው ላይ ያለው ንስር መሀሉ ይደበዝዛል፤ ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ግን ይነበባል። ንስሩ ምንም ሳይሆን ፊቱ ብቻ ካበጠ ከላይ የተለጠፈ ቅርፊት ነው፤ አትግዛው። የጠርዙ ጥርሶች መሀል የመጋጠሚያ መስመር ከታየም ቀልጦ የተፈሰሰ ቅጂ ነው።

ሲገፋ ብሩ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቀንስም። ሳንቲሙ አዲስ ሳለ 12.5 ግራም ነበር። አገልግሎት ጥቂት ይቀንሰዋል፣ መርፌውና ብየዳው ይጨምሩበታል፤ ስለዚህ 13.1 አያስደነግጥም።

ሚዛን
ክብደት ብቻውን አይበቃም። ውሃ የያዘ ብርጭቆ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ አጥልቀው፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ከዚያ 13.1ን ሚዛኑ ላይ ለታየው ቁጥር አካፍል። ሳንቲሙ የተሠራበት 90 በመቶ ብር 10.3 አካባቢ ይሰጣል። የመርፌው ናስ ትንሽ ስለሚያወርደው 10.1 ወይም 10.2 ቢመጣ ችግር የለውም። 8.5 አካባቢ ከሆነ ብር የተቀባ ናስ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጉድጓዱን ወደ ታች አድርገው ሲያስገቡ ነው፤ አየር ይዞ ይገባና ውጤቱ ይበላሻል። ጉድጓዱ ወደ ላይ ይሁን፤ የቀረ አረፋ ካለ በብሩሽ ጫፍ አስለቅቅ።

አንጥረኛው
አፍንጫውንና አገጩን መብራት ላይ አንስተህ ከኋላ እይ። ብር እየተገፋ ሲሄድ ይደድራል፤ በየመሀሉ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ግሎ ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለ ዋጋው ላይ ተከራከር።

ጥቁረቱን ተወው! የጥርስ ሳሙና መጀመሪያ የሚልጠው ጉንጩንና አፍንጫውን ነው፤ ብሩ የሳሳውም እዚያው ነው። ቅባት ካለው ንጹሕ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ ከእሳት ራቅ ብለህ፣ መስኮት ከፍተህ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም። ጠፍጣፋ የካርቶን መያዣ ይጨፈልቀዋል፣ የፒቪሲ ፕላስቲክ ደግሞ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተውበታል። ጠለቅ ያለ ሣጥን ይሻላል።

የሳንቲም ወዳጅ
እግዜር ይስጥልኝ። መርፌው አንድ ጎኑ ለቋል፤ ላስበይደው?

አንጥረኛው
አታስበይደው። አሮጌው ብየዳ ቆርቆሮና እርሳስ ከሆነ፣ ለብር ብየዳ በሚያስፈልገው ሙቀት እርሳሱ ብሩን ይበላውና ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። የእርጅና ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። መርፌውን እንዳለ አስቀምጠው፣ ልብስ ላይ ብቻ አታድርገው።