የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ የጋራ ጉብኝት፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በስብሰባችን በተስማማነው መሠረት ለንደን ውስጥ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ የሚታይባቸውን ሥፍራዎች በጋራ ለመጎብኘት ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የፎቶግራፍ ማዕከል ተነሥተን፣ ቀጥለን ወደ ፎቶግራፈርስ ጋለሪ፣ በመጨረሻም ሾርዲች ወደሚገኘው አውቶግራፍ ወደተባለው የፎቶግራፍ ማሳያ ተቋም እናመራለን። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሙዚየሙ ቋሚ ክፍሎችና አውቶግራፍ መግቢያ አያስከፍሉም። ፎቶግራፈርስ ጋለሪ ግን በነጻ የሚያስገባው ዓርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር) ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከሄድን የቲኬት ወጪ አለብን።

አባል፦ ለጸሐፊያችን ድካም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቀን ሦስት ቦታ መዞር ሥራዎቹን ሳያዩ ማለፍ እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። የሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ በስልክ ከምናየው የሚለየው በመጠኑ፣ በወረቀቱና በኅትመቱ ጥራት ነውና፣ ፊት ለፊቱ ቆመው ጊዜ ካልሰጡት ልዩነቱ አይገለጥም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ሙሉውን፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ የጥላውን ጥቁረትና የቆዳውን ቀለም፣ የመስተዋቱ ነጸብራቅ ካስቸገረም ከጎን ሆኖ ማየት ይገባል። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ያለውን ጽሑፍም እናንብብ፤ «3/7» የሚል ቁጥር ካለ፣ ከዚያ ምስል በዚያ መጠን ሰባት ቅጂ ብቻ እንዲታተም ተወስኖ ይህ ሦስተኛው ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጉብኝት አውቶግራፍን ብቻ እንይ እላለሁ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1988 ሲመሠረት የጥቁር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ሥራ ለማሳደግ ታስቦ በመሆኑ፣ እዚህ ተወልደው ማንነታቸውን ለሚጠይቁን ልጆቻችን ይቀርባቸዋል።

የወላጆች ተወካይ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ «እዚያ ለእኛ ምን አለ?» ማለታቸው አይቀርም። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው፣ ውኃ ፍለጋ በሴቶች ላይ የሚያደርሰውን ሸክም የሚያሳዩ ሥራዎቿን ዳሎል ድረስ ወርዳ አንሥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እዚሁ ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ማቅረቧን ብንነግራቸው መልካም ነው፤ እንስራ ተሸክሞ ያደገ ሰው ከማናችንም በላይ የሚናገረው አለና። ሊፍትና መቀመጫ መኖሩን አስቀድመን እንጠይቅ፤ አማርኛ አስተርጓሚም እንመድብ።

ጸሐፊ፦ አስተያየታችሁን ተቀብዬ ረቂቁን አሻሽያለሁ። የመጀመሪያው ጉብኝት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአውቶግራፍ ብቻ ይሆናል፤ ፎቶግራፈርስ ጋለሪን ሥራ ላይ የሚውሉት እንዲመቻቸው በሌላ ጊዜ ዓርብ ምሽት እናየዋለን፤ ሙዚየሙ ለልጆች የትምህርት ቤት ዕረፍት ይቆይ። በዐውደ ርእዮች መካከል አዳራሹ ለዝግጅት ስለሚዘጋ፣ ቀኑን የምንቆርጠው ለተቋሙ ጽፈን መልስ ስናገኝ ነው። ለማስተርጐም ፈቃደኛ የሆናችሁ ከወዲሁ አሳውቁኝ።